ከቆላ እስከ ደጋ፣ የጎመን ትልና ተርቦቹ፦ የ7 ቀን ጉዞና የ2 ሳምንት ጥበቃ

ዋዜማ

የጎመን ትልን የሚገድሉ ተርቦችን ለማጥናት የሚጫነው ዕቃ ድግስ የተጠራ ያስመስላል፦ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ባለክዳን የፕላስቲክ ኩባያዎች 600፣ ሶፍት በጥቅል፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ቀጭን ወረንጦ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ኤታኖል የተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች፣ የበረዶ ሳጥን፣ ቴርሞሜትር፣ እርሳስ። እስክሪብቶ አይያዝም። ኤታኖል የእስክሪብቶን ቀለም አጥቦ ይወስደዋል፤ ብልቃጥ ውስጥ የገባው መለያ ወረቀት ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ አብራው ያለችው ተርብ ከየትኛው ማሳና ከየትኛው ትል እንደወጣች የሚናገር የለም።

የየኩባያው ክዳን መሃሉ ይቆረጥና ጨርቅ ይለጠፍበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሻሽ ይሳሳታል። ሻሽ አየር ያስገባል፣ ትሉንም ያግዳል፤ ግን ከምንጠብቃቸው ተርቦች አንዳንዶቹ ርዝመታቸው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀዳዳው ሾልከው ይሄዳሉ። ከዚያ በኩባያው ውስጥ የሚቀረው የተበሳ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው። ቀዳዳው ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የናይለን ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ሙጫውም ተለጥፎ 2 ቀን ሙሉ መናፈስ አለበት፤ አለበለዚያ ሽታው ትሎቹን ይጎዳል።

ጉዳዩ ሦስት ባለጉዳይ አለው፦ ጥቅል ጎመኑ፣ ጎመኑን የሚበላው ዳይመንድባክ የሚባለው የእሳት እራት ትል፣ እና ትሉን የሚበሉት ፓራሲቶይድ የሚባሉ ተርቦች። ፓራሲቶይድ ከሌላው ጥገኛ የሚለየው በፍጻሜው ነው። መዥገር ደም ጠጥቶ ከብቱን በሕይወቱ ይተወዋል። ፓራሲቶይድ ግን እንቁላሉ የተጣለበትን ነፍሳት ከውስጥ ወይም ከውጭ እየበላ አድጎ፣ ገድሎት ነው የሚወጣው። ለዚህ የተለየ ስም ያወጣለት ፊንላንዳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሮይተር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1913 ነበር። ከዚያ በፊት ሁሉም በአንድ ላይ «ጥገኛ» ይባሉ ነበር።

ይህን ትል ለማጥናት የሚያነሳሳው ፀረ ተባይን በመልመድ ያተረፈው ስም ነው። ዲዲቲን እንደተቋቋመ እ.ኤ.አ. በ1953 ከጃቫ ተዘገበ፤ ቢቲ የተባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት በማሳ ላይ በመቋቋምም ከነፍሳት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1990 ከሃዋይ ተዘገበ። መርጨቱ አልበገረው ሲል ዓይን ሁሉ ወደ ተርቦቹ ዞረ።

ጉዞው ሦስት ማረፊያ አለው፦ 1,200፣ 1,800 እና 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ የጎመን ማሳዎች። በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ ከታችኛው ማሳ እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 7 ዲግሪ ይጠጋል። ተክሉ አንድ፣ ትሉ አንድ ሆኖ ተርቡ የሚለያይ ከሆነ ይህ ልዩነት ያሳየዋል።

ቀን 1፣ ቆላ

ከሰዓት በኋላ እንደተደረሰ የመጀመሪያው ሥራ ትል መሰብሰብ አይደለም፤ ተርብ ማጥመድ ነው። በማሰሮ የበቀሉ 5 የጎመን ችግኞች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ተርብ በሌለበት ክፍል ያደጉ 20 ትሎች፣ ሁሉም በሁለተኛው የእድገት እርከን ላይ ያሉ። ዳይመንድባክ እጩ አራት እርከን አለው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለአብዛኞቹ ተርቦች የሚመቹት ናቸው። ማሰሮዎቹ በማሳው ውስጥ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ሰዓቱ በትክክል ይጻፋል።

ትሎቹ በችግኞቹ ላይ የሚጫኑት ከአንድ ቀን በፊት ነው፤ በመንገድ ላይ እየበሉ ይመጣሉ። ምክንያቱ ተርቧ የምትፈልገው ትሉን ሳይሆን መጀመሪያ የተበላውን ቅጠል ሽታ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ተርሊንግስ፣ ተምሊንሰንና ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1990 በበቆሎ ችግኝ ላይ እንዳሳዩት፣ በትል የተበላ ተክል ተርብ የሚስብ ሽታ ይለቅቃል፤ በመቀስ ብቻ የተቆረጠ ቅጠል ያን ያህል አይሆንም፤ የትሉ ምራቅ ሲነካው ነው ተክሉ የሚናገረው። ባልተነካ ችግኝ ላይ ትል አራግፎ ወዲያው ማሳ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት እንግዳ ጠርቶ በሩን እንደመዝጋት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይመጣና ተርብ የለም ተብሎ ይጻፋል።

ጉንዳን የዚህ ዘዴ ዋና ጠላት ነው። ማሰሮው ውሃ በያዘ ሰፊ ሰሃን ውስጥ ይቀመጣል፤ የችግኙ ቅጠል ግን ከጎረቤት ጎመን ጋር መነካካት የለበትም፣ ከተነካካ ውሃው ከንቱ ነው። ከአምስቱ ማሰሮ ጎን ስድስተኛው፣ ያው 20 ትል ያለበት፣ በናይለን ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከዚህ ከተሸፈነው ላይ ተርብ ከወጣ የመጣው ከማሳው ሳይሆን ከማራቢያ ክፍሉ ነው ማለት ነው፤ የጉዞው የማጥመጃ ውጤት በሙሉ ይጣላል። የሚያሳዝን ቢሆንም መጣል አለበት።

ቀን 2፣ ቆላ

የትል ለቀማው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ኩባያ ውስጥ ያለውን ትል ትቀቅለዋለች። በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ በመሄድ 50 ተክል ይመረመራል፤ ተክል የሚመረጠው በእርምጃ ቁጥር እንጂ በዓይን አይደለም። ዓይን ሁልጊዜ የተበሳውን ጎመን ነው የሚያነሳው።

የትሉን መኖር የሚያሳብቀው ቅጠሉ ላይ የሚተወው «መስኮት» ነው፤ የቅጠሉን ሥር ሥጋ በልቶ ላይኛውን ስስ ሽፋን ሳይነካ ይተወዋል። ቅጠሉ በቀስታ ይገለበጣል፤ ትሉ ሲነካ ወደኋላ እየተወራጨ ራሱን በቀጭን ክር ይለቃል። ስለዚህ ቅጠሉ ከመገልበጡ በፊት ክፍት ኩባያ ከሥሩ ይያዛል። በወረንጦ ማንሳት አይቻልም፤ 10 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ገላ በብረት ከተጨመቀ በማግስቱ ይሞታል፣ ያም ሞት በተርብ ይሳበባል። ብሩሹ በምራቅ ወይም በውሃ ረጠብ ተደርጎ ከሥሩ ይነሳል።

አንድ ትል፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ቁጥር። ቁጥሩ ማሳውን፣ ተክሉንና ትሉን ይይዛል፤ «ቆ-14-3» ማለት ከቆላው ማሳ፣ ከ14ኛው ተክል፣ ሦስተኛው ትል። ከቁጥሩ ጎን የእድገት እርከኑ ይጻፋል። የሚሰበሰበው ትልቁና ወፍራሙ ብቻ አይደለም፤ ከሁለተኛው እርከን ጀምሮ ያገኘነው ሁሉ፣ ፑፓውም (ትሉ ወደ እሳት እራት ሲለወጥ የሚተኛበት ደረጃ) ጭምር፣ ከአንድ ማሳ 100 እስኪሞላ። የመጀመሪያው እርከን ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚሰረስር ሳይቀደድ አይወጣም፤ እሱን ከነቅጠሉ መውሰድ ነው።

ለቀማው ጋብ ሲል ቅጠል ላይ ዓይን ጥሎ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ያዋጣል። እዚህ ሙቀት ላይ በብዛት የሚጠበቀው ኮቴሲያ ቬስታሊስ ነው፤ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥቁር ተርብ። ሴቷ አንቴናዋን እንደ ዓይነ ስውር በትር ቅጠሉ ላይ እየመታች መስኮቱን ታገኛለች፣ የትሉን ኩስ ታሸታለች፣ ከዚያ ትፈጥናለች። ስትደርስበት ትሉ በክሩ ይንጠለጠላል። ኮቴሲያ አትመለስም፤ ክሩን ይዛ ወደታች ትከተለዋለች፣ እዚያው አየር ላይ ወይም መሬት ላይ ትወጋዋለች። መውጋቱ ከ1 ሰከንድ ብዙም አይርቅም፤ እንቁላሉ ገብቷል። ከእንቁላሉ ጋር የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ተርቧ ማህፀኗ አካባቢ የምትሠራው ቫይረስ። የትሉን የደም ሕዋሳት አሽመድምዶ እንቁላሉን ከበው እንዳይገድሉት የሚያደርገው እሱ ነው።

ቀን 3፣ ወደ ወይና ደጋ

48 ሰዓቱ ሲሞላ ማሰሮዎቹ ይነሳሉ። በእያንዳንዱ ላይ ስንት ትል እንደተገኘና ስንቱ እንደጠፋ ለየብቻ ይቆጠራል። የጠፋው በሸረሪት ተበልቶም፣ በክሩ ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ ተርብ እንዳልነካው ተደርጎ አይቆጠርም፣ እንደነካውም አይቆጠርም። ከሒሳቡ ይወጣል።

መንገዱ ላይ የሚሞተው ትል ማሳው ላይ ከሚሞተው እንዳይበልጥ የሚያደርገው የበረዶ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚፈለገው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከታች ይሆናል፣ በላዩ ካርቶን፣ ከዚያ ኩባያዎቹ። በረዶውን በቀጥታ የነካ ኩባያ ያልባል፤ ጠብታው ትንሹን ትል ያሰምጠዋል። ሶፍት በእያንዳንዱ ኩባያ ሥር የሚነጠፈውም ለዚሁ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ኩባያዎቹን በካርቶን አድርጎ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ ለግማሽ ሰዓት መውረድ ነው። ትል አንዳንዴ ይተርፋል፤ በውስጡ ያለው የተርብ እጭ ግን ቀድሞ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ያኔ ጤነኛ የእሳት እራት ሊወጣ አይችልም፣ ተርብም አይወጣም፤ ትሉ ተጨማድዶ ይቀራል። ይህ «ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት» የሚባለው ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ዓምዱ እንዴት እንደሚከፈት 20ኛው ቀን ላይ ይመጣል።

በቅዝቃዜ የቆዩበት ሰዓት ይመዘገባል። ተርቡም ትሉም ያን ሰዓት አላደጉም፤ መውጫ ቀን ሲነጻጸር ይህ ካልተቀነሰ ከሩቁ ማሳ የመጣው የዘገየ ይመስላል።

ቀን 4፣ ወይና ደጋ

ማጥመጃው እንደ ቆላው ነው፣ ለቀማውም። ልዩነቱ እዚህ ሁለት ዓይነት ኮኩን (የተርቡ እጭ ለመለወጥ የሚሠራው የድር ከረጢት) በአንድ ማሳ የሚገኝ መሆኑ ነው፤ በዚህ ደረጃ መለየት የማይችል ሰው ጥናቱን በግማሽ ያበላሻል።

ቅጠሉ ላይ ሦስት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው የእሳት እራቱ የራሱ ነው፦ ዓሣ ማጥመጃ መረብ የመሰለ ልቅ ድር፣ ውስጡ አረንጓዴ ወይም ገርጣ ያለ ፑፓ በግልጽ የሚታይ። ሁለተኛው የኮቴሲያ ነው፦ ነጭ፣ ጥብቅ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የሚያህል፣ በውስጡ ምንም የማይታይ፣ ከአጠገቡ ብዙ ጊዜ የተጨማደደ የትል ሬሳ ያለበት። ሦስተኛው ነው አታላዩ። የሌላዋ ተርብ፣ የዳያዴግማ ሴሚክላውሰም እጭ ትሉን የሚገድለው ትሉ ለፑፓነት መረቡን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የራሱንም ኮኩን በዚያው መረብ ውስጥ ይሠራል። ከሩቅ መረቡ ስለሚታይ «የእሳት እራት ፑፓ» ተብሎ ይጻፋል። በሌንስ ሲታይ ግን መረቡ ውስጥ ያለው በርሜል ቅርጽ ያለውና የማያሳይ ነው፤ በአንደኛው ጫፉም የትሉ የራስ ቅርፊት ከደረቀ ቆዳው ጋር ተገፍቶ ተከማችቷል። ያ ጥቁር ነጥብ ሳይታይ ምንም አይጻፍ።

የኮቴሲያ ኮኩን ቀድሞ የተከፈተ ከሆነ ቀዳዳው ይናገራል። ባለቤቷ ተርብ ስትወጣ የኮኩኑን ጫፍ ዙሪያውን ቆርጣ እንደ ክዳን ትከፍተዋለች። ቀዳዳው ከጎን ሆኖ ጠርዙ የተንጨባረረ ከሆነ የወጣው ሌላ ነው፦ የፓራሲቶይዱ ፓራሲቶይድ። ይህ አራተኛው ወለል በጎመን ላይ ታዋቂ ምሳሌ አለው። የትልቁን ነጭ ቢራቢሮ ትል የሚያጠቃው ኮቴሲያ ግሎሜራታ፣ እጮቹ በብዛት ወጥተው ቢጫ ኮኩን ከሠሩ በኋላ ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ ኮኩኖቹ ላይ ተጋድሞ ድር ያለብሳቸዋል፣ የቀረባቸውንም በጭንቅላቱ እየተወራጨ ያባርራል። ገዳዮቹን ይጠብቃል ማለት ነው። ያም ሆኖ ሊሲቢያ ናና የተባለችው ተርብ ሾልካ ኮኩኖቹ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ከማሳ የተለቀመ ኮኩን ለብቻው ዓምድ ነው፤ ከትል ጋር አይደመርም፤ ትሉ ከተሰበሰበ በኋላ ኩባያ ውስጥ የሠራው ኮኩን ለዚህ ጠላት አልተጋለጠም፣ ከማሳ የተለቀመው ግን ተጋልጧል።

በዚያው ቅጠል ላይ ክሽክሽ ቢገኝ፣ ከመካከላቸው ያበጡና እንደ ወረቀት የደረቁ ቡናማ ገላዎች ካሉ እነሱም በተርብ የተያዙ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በዳያሬቲየላ ራፔ። ለዛሬው ጥያቄ አያስፈልጉም። ማስታወሻ ላይ ይጻፉና ይታለፉ።

ቀን 5፣ ወደ ደጋ

የመንገድ ቀን ነው። የሚሠራው ቅጠል መቀየር ብቻ ነው፤ በየኩባያው 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅጠል፣ በየ2 ቀኑ፣ በየጊዜው ኩሱ ተጠርጎ። ኩስ ከእርጥበት ጋር ከተገናኘ ሻጋታ ያበቅላል።

ቅጠሉ ከየት ይምጣ የሚለው ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው። ከማሳው ዳር የተቆረጠ ጎመን ላይ የተረፈ ፀረ ተባይ ካለ ትሉን ሳይገድል ውስጡ ያለውን ተርብ ሊገድል ይችላል። ንጹሕ መስሎ የሚታይ ቅጠልም ላይ የዳይመንድባክ እንቁላል ይኖራል፤ ከ3 ቀን በኋላ በአንድ ኩባያ ሁለት ትል ይገኛል፣ የተሰበሰበው የትኛው እንደሆነም አይታወቅም። መርጨት በማያውቀው በተሸፈነ ቦታ የበቀለ የራስ ጎመን ይዞ መጓዝ ይሻላል። ከሌለ ቅጠሉ በሁለቱም ወገን በሌንስ ታይቶ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ጠብታ እስኪደርቅ በሶፍት ታብሶ ይሰጣል።

ቀን 6፣ ደጋ

ብርድና ዝናብ። ይህ ማሳ የዳያዴግማ ሀገር ነው። ኮቴሲያ ቬስታሊስ ሙቀቱን ሲወድ ዳያዴግማ ቅዝቃዜውን ይመርጣል። ወደ ኬንያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የተለቀቀውም በደጋው የጎመን አካባቢ ነበር።

አደኑም ከኮቴሲያ ይለያል። ትሉ በክሩ ሲንጠለጠል ዳያዴግማ አትከተለውም፤ የክሩ መነሻ አካባቢ ቅጠሉ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ትሉ አደጋው ያለፈ መስሎት ክሩን እየጠቀለለ ሲመለስ እሷ እዚያው ናት። አንድ ማምለጫ፣ ሁለት የተለያየ መልስ፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ ተርቦች በሚገናኙበት ወይና ደጋ ላይ ትሉ በየትኛው ቢመክት በሌላው ይያዛል።

የዝናብ ቀን ሁለት ነገር ያዛባል። ኃይለኛ ዝናብ ትንንሾቹን ትሎች ከቅጠል ያጥባቸዋል፤ ስለዚህ የተሰበሰቡት ባብዛኛው ትልልቅ ይሆናሉ። ተርቦቹም አይበሩም፤ ማጥመጃው ላይ 48 ሰዓት ሙሉ ዝናብ ከነበረ የተገኘው ዜሮ «ተርብ የለም» ማለት አይደለም፣ «ተርብ አልበረረችም» ማለት ነው። ዝናቡ የጣለበት ሰዓት ብዛት ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ ይህ ልዩነት በኋላ የትም አይገኝም። ከ24 ሰዓት በላይ ከዘነበ ማጥመጃውን አንድ ቀን ማራዘም ከሦስቱ ማሳ አንዱን ከመጣል ይሻላል፤ ሲነጻጸር ግን ቁጥሩ ትሎቹ ለተጋለጡበት ቀን ብዛት ተካፍሎ ነው።

ቀን 7፣ መመለስ

ኩባያዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፦ 25 ዲግሪ፣ እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ 12 ሰዓት ብርሃን 12 ሰዓት ጨለማ። የደጋውን ለብቻው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ማሳደግ ያጓጓል፤ ዳያዴግማ 25 ዲግሪ ላይም ይወጣል፣ ከ30 ሲያልፍ ግን ይጎዳል። ክፍሉ እንደማይሞቅ እርግጠኛ ካልሆኑ ሁሉንም 22 ላይ ማድረግና ጥቂት ቀን መታገስ ይሻላል። መደርደሪያው ላይ የሦስቱ ማሳ ኩባያዎች ይቀላቀላሉ፤ የደጋው ሁሉ በመስኮት በኩል፣ የቆላው ሁሉ በግድግዳ በኩል ከሆነ የመስኮቱን ብርድ እንደ ደጋ ውጤት እንቆጥረዋለን።

ከቀን 8 እስከ ቀን 12

በየጠዋቱ እያንዳንዱ ኩባያ ይታያል። በላ? ኩስ አለ? ቆዳ ቀየረ? ሦስት ምልክት፣ ሌላ ምንም።

በመጀመሪያ የሚወጣው ኮቴሲያ ነው። የተያዘው ትል ምግቡን ያቆማል፣ ገላው ቢጫ ይላል፣ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከጎኑ፣ ወደ ኋላው ጠጋ ብሎ፣ ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ይወጠርና ነጭ ራስ ብቅ ይላል። የተርቡ እጭ እየተዟዟረ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ እንደወጣም ከአፉ ድር እየሳበ ኮኩኑን መሥራት ይጀምራል። ትሉ በዚህ ጊዜ አሁንም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ኩባያው በዚህ ሰዓት ከተነቃነቀ እጩ ከቦታው ይወድቅና ኮኩን ሳይሠራ ይደርቃል። ስለዚህ ምግብ ያቆመ ትል ያለበት ኩባያ አይነሳም፤ በቦታው እንዳለ በሌንስ ይታያል።

ጥቁርና ፈሳሽ ሆኖ የሞተ፣ ሲነካ የሚፈነዳ ትል ግን የበሽታ ነው። ያ ኩባያ ወዲያው ከክፍሉ ይወጣል፣ ብሩሹም በ70 በመቶ አልኮል ይነከራል። ከመቶ ትል አንዱ ቢታመም በአንድ ብሩሽ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ከቀን 13 እስከ ቀን 18

ከእሳት እራት ፑፓ የሚወጡ ተርቦችም አሉ። ኦማይዘስ ሶኮሎውስኪ ትሉን ወግቶ ከፑፓው ነው የሚወጣው፤ ከአንድ ፑፓ 10 ገደማ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች በአንድ ትንሽ ቀዳዳ። ዳያድሮመስ ኮላሪስ ፑፓውን ራሱን የሚወጋ ሲሆን ከአንድ ፑፓ አንድ ብቻ ይወጣል። ከሒሳቡ ጋር ሲገናኙ አደገኛ ናቸው፦ የወጣው ተርብ ሳይሆን የሞተው ትል ወይም ፑፓ ነው የሚቆጠረው። 10 ኦማይዘስ ማለት አንድ ትል ነው።

የወጣ ተርብ በዚያው ሰዓት አልኮል ውስጥ አይጣልም። ክንፉ ያልጠነከረ ተርብ ተጣጥፎ ይቀራል፣ መለያው የሆነውን የክንፉን የሥር መስመር ማንበብም አይቻልም። 24 ሰዓት ይቆይና ከዚያ 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይገባል፤ 70 በመቶው ገላውን ለስላሳ አድርጎ ያቆያል፣ ዲኤንኤውን ግን አይጠብቅም። የትሉ ቆዳና የራስ ቅርፊት በዚያው ቁጥር በሌላ ብልቃጥ ይቀመጣል። ከእነሱ ውጪ ይህ ተርብ ከዚህ ትል ለመውጣቱ ማስረጃ የለም።

ወንድ ብቻ የሚወጣበት ስብስብ ካጋጠመ እናቶቹ ያልተዳሩ ነበሩ። በእነዚህ ተርቦች ዘንድ ያልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ የዳበረ ሴት ይሆናል። በማሳ ብዙም አይታይም፤ በማራቢያ ክፍል ውስጥ ግን ዘር የሚያጠፋው ይኸው ነው።

ቀን 20፣ የሞቱት ይከፈታሉ

ጉዞው የሚመዘነው ዛሬ ነው። ለምሳሌ ከአንድ ማሳ 100 ትል ተሰበሰበ እንበል፤ 38 የእሳት እራት ሆኑ፣ 27 ተርብ አወጡ፣ 35 ምንም ሳይሆኑ ሞቱ። 27ቱን ለ100 ካካፈልን 27 በመቶ ነው። የሞቱትን አውጥተን 27ቱን ለ65 ካካፈልን ከ41 በላይ ይሆናል። አንዱ ማሳ ሁለት ቁጥር። ብዙ ጊዜ የሚታተመው ጸሐፊው የወደደው ነው፤ መለየት የሚቻለው 35ቱን ከፍቶ በማየት ብቻ ነው። ለዚህም ነው የሞተ ትል በተገኘበት ቀን አልኮል ውስጥ የሚገባው። በማግስቱ የተገኘ በስብሶ ውስጡ አይነበብም።

በብርጭቆ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ። ትሉ ጠብታው ውስጥ ይተኛል። በአንድ ቀጭን መርፌ ጅራቱ ተይዞ በሌላው ራሱ በቀስታ ይሳባል፤ አንጀቱ እንደ ክር ይወጣል፣ ሌላው ሁሉ ጠብታው ውስጥ ይፈስሳል። ከ20 እስከ 40 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ የሚፈለገው ይህ ነው፦ ጅራት ያለው ነጭ እጭ ከሆነ ዳያዴግማ፤ ከኋላው እንደ ፊኛ ያበጠ ከረጢት ያለው ከሆነ ኮቴሲያ። እጩ ባይገኝ እንኳ በጠብታው ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የሚልቁ ክብ ሕዋሳት ከተንሳፈፉ እነሱ ከኮቴሲያ እንቁላል ሽፋን የተበተኑ ናቸው፤ ተርብ እዚህ ነበረች። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የተከበበ እንቁላል ደግሞ ትሉ ያሸነፈበት ነው። እሱ እንደ መያዝ አይቆጠርም፤ እንደ መወጋት ብቻ። ሁለት እጭ በአንድ ትል ከተገኘ አንድ ትል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው በሌላው መንጋጋ ተነክሶ ሞቶ ይገኛል።

ከ35ቱ 20ው የሚነበቡ ሆነው በ12ቱ ውስጥ ተርብ ተገኘ እንበል። አሁን ሒሳቡ 27 እና 12፣ ድምር 39፤ አካፋዩ 65 እና 20፣ ድምር 85። ወደ 46 በመቶ። 15ቱ የበሰበሱት ከላይም ከታችም የሉም፤ ግን ስንት እንደሆኑ ይጻፋል።

ይህም ቁጥር ቢሆን የማሳው ሙሉ እውነት አይደለም። ሁለተኛው እርከን ላይ የተለቀመ ትል ባይለቀም ኖሮ ነገ ሊወጋ ይችል ነበር፤ ኩባያው ከተርብ አድኖታል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል። በሌላ በኩል የተያዘ ትል እድገቱ ስለሚዘገይ ጤነኞቹ ፑፓ ሆነው ከቅጠሉ ከሄዱ በኋላም እሱ እዚያው ይገኛል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይበዛል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ ብሎ መተው ስንፍና ነው። የእድገት እርከኑ በ2ኛው ቀን የተጻፈው ለዚህ ነው፦ ውጤቱ በየእርከኑ ተለይቶ ይቀርባል፣ የማጥመጃው ቁጥርም ከጎኑ ይቆማል።

የመጨረሻው የዝርያ መለያ ነው። ከእያንዳንዱ ተርብ አንድ እግር ተነቅሎ ለዲኤንኤ ይላካል፣ ቀሪው ገላ በመርፌ ላይ ይቆያል። ተመራማሪው ጃንዘንና ባልደረቦቹ በኮስታ ሪካ ጓናካስቴ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዚሁ «አንድ ትል፣ አንድ ቁጥር» መንገድ ሲያሳድጉ ከቆዩት ትሎች የወጡት የኮቴሲያ ዘመዶች፣ በመልክ 171 ዝርያ ተብለው የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዲኤንኤ ሲታዩ 313 ሆነው ተገኙ። በዓይን አንድ የሚመስሉት በየትላቸው ተለያይተው ነበር፤ ይህን መናገር የተቻለውም እያንዳንዷ ተርብ የወጣችበት ትል ተጽፎ ስለነበር ነው።

ኩባያዎቹ በበረኪና ውሃ ለ30 ደቂቃ ተዘፍዝፈው፣ ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ተደፍተው ይደርቃሉ። ጥቁርና ፈሳሽ ትል የሞተባቸው ግን አይታጠቡም፤ ከነክዳናቸው ይቃጠላሉ።